ቀያሹ ያሳየኝ ሁለተኛ መስመር

ለምክር ቤት የተመረጥኩት ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከላሊበላ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቅ፣ ስሟን ባልጠራ ደስ በሚለኝ የላስታ ትንሽ ከተማ፣ ገበያው ዳር ባለችው አንድ ክፍል ሱቄ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። ልኩ ሲወሰድ ዝም የሚል ሰው የለም። ክንዱን ዘርግቶ እንደቆመ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አማቱ ያጫውተኛል። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እሰማለሁ። ምርጫ ሲደርስ የሰፈራችን ሴቶች ተሰብስበው መጡና፣ «አንቺ የሁላችንንም ጉድ ታውቂያለሽ፤ እዚያ ገብተሽ ንገሪልን» አሉኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት አላገኘሁም።

ሥራው መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር። በየጊዜው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ሪፖርት ይነበባል፤ እጅ እናወጣለን። ከዚያ እያንዳንዳችን ወደየሰፈራችን ተመልሰን የተወሰነውን እንናገራለን። እኔ የምናገረው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴቶቹ ሰንበቴ ተቀምጠው ሳሉ ነበር። ቦኖው በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ የሕፃናት ክትባት መቼ እንደሚሰጥ፣ ተቃጠለ የተባለው የወፍጮ ሞተር የት እንደደረሰ እነግራቸዋለሁ። ጋዜጣ በማይደርስበት፣ ስልኩም ብዙ ጊዜ በማይሠራበት አገር ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ሰምተው ሲመርቁኝ አንድ ነገር የሠራሁ እየመሰለኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። የድንጋይ ቤቶቹ አንዱ የሌላውን ጀርባ ተደግፈው የቆሙ ይመስላሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው መንገድ ለአህያ ይበቃል፤ ጭነቷ ሰፋ ካለ ግን ለእሷም አይበቃም። ታናሽ እህቴ የሞተችው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ምጥ ጠንቶባት አምቡላንስ ጠራን፤ መጣም። ግን መውጣት ስለማይችል ታች ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሐምሌ ነበር፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። አራት ወንዶች ቃሬዛውን ተሸክመው ሲወርዱ እኔ ጭንቅላቷን ደግፌ ከጎን እሄዳለሁ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተው አስቀመጧት። ደሙ ብርድ ልብሱን አልፎ እጄ ላይ ይሞቀኛል። «ደረስን ወይ?» ትለኛለች። «ይኸው ደረስን፣ ይኸው መኪናው» እላለሁ። የአምቡላንሱ ነጭ ጣራ ከታች እየታየኝ አረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም።

እንግዲህ ምክር ቤት ከገባሁ ጀምሮ በየስብሰባው የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አጀንዳው ግብርና ይሁን ትምህርት፣ እኔ ስነሳ ሰዉ ምን እንደምል አስቀድሞ ያውቀዋል። አባላቱ በቀልድ «ወይዘሮ መንገድ» ይሉኝ ጀመር። ግድ አልሰጠኝም። ሦስተኛው ዓመት ላይ በጀት ተገኘ ተባለ። ከታች ከጤና ጣቢያው በር ተነሥቶ ዳገቱን የሚወጣ፣ ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍል የጠጠር መንገድ ይሠራል። የሰማሁ ቀን ሱቄን ዘግቼ የእህቴ መቃብር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በዳገቱ ወገብ ላይ የየኔታ ግቢ ነበር። የኔታ መሪጌታም ቄስም ነበሩ። ድጓ ያስተምራሉ። ግቢያቸው ውስጥ የእሳቸው ክብ የድንጋይ ቤት፣ ዙሪያውን ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሠሯቸው ትንንሽ ጎጆዎች፣ መሐል ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ነበረ። ተማሪዎቹ ከጎጃምም ከዋግም ይመጣሉ። ጠዋት ወደ ሱቄ ስወርድ በአጥሩ በኩል ዜማቸው ይሰማኛል፤ አንዱ ሲስት የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፣ ልጁም ከመጀመሪያው ይነሣል። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ ሴት ልጅ የኔታ ዘንድ መላክ ብዙ አልተለመደም ነበር፤ አባቴ ሲያመነቱ የኔታ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ላኳት፤ ዐይኗ ፊደል ይፈልጋል» ብለው ወሰዱኝ። እህቴ ስትሞትም ፍትሐቷን ያደረሱት፣ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እየመጡ ከእናቴ ጋር ዝም ብለው የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። በኋላ ዐይናቸው እየደከመ ሄደ። ሰዉን የሚለዩት በድምፁ ነበር።

ቀያሹ ከወልድያ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ቀኑን ሙሉ ችካል ሲተክል ይውልና ማታ ማታ ማደሪያው ይገባል። አንድ ቀን ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ሱቄ መጣ። ስጠግንለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምክር ቤት እንዳለሁ ነገሩት መሰለኝ፣ ድንገት የልብስ ጠመኔዬን አነሳና የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ መሥመር አሰመረ።

«ይኸውልሽ መንገዱ» አለ። «እዚህ ላይ የካህኑን ግቢ መሐል ለመሐል ይበላዋል።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«አሁን ደግሞ ይኼን እዪ።» ከመጀመሪያው መሥመር ጎን ሌላ፣ ትንሽ የጎበጠ መሥመር አሰመረ። «እዚህ ጋ በጥቂቱ ቢጠማዘዝ ግቢው ይተርፋል። የሚነካው ያ የታጠረው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።»

«ባዶ ቦታ» ያለው፣ አንድ ባለሀብት የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት የተመራውን መሬት ነው። ቱሪስት መምጣቱን ሲያቆም ሥራው መሠረቱ ላይ ቀርቶ፣ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሣር በቅሎበት ነበር።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሆነም?»

«ሰውየው ካርታ አለው። አዲስ ጥናት ይፈልጋል፣ ለዞን ደብዳቤ ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል። ሰኔ ሠላሳ ደግሞ በጀቱ ይመለሳል።» ጠመኔውን መልሶ አስቀመጠ። «ምክር ቤቱ ከጠየቀ ግን ይቻላል። አንድ ሰው ስብሰባው ላይ ማንሳት አለበት። እኔ አልነገርኩሽም።»

ሱሪውን ሰጠሁት፣ ሄደ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱ መሥመሮች ቀሩ። ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳቸው፤ ምክንያቱም በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ልቆርጥ ነበር። እንዲህ ነበር ለራሴ ያልኩት።

ከስብሰባው በፊት የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ወይራው ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ግቢያቸው እንደሚነካ ሰምተዋል፤ ችካሉን ተማሪዎቹ ነግረዋቸዋል።

«መንገዱ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለወላድ፣ ለታመመ የኔታ። አምቡላንስ እንዲገባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህትሽን የሸኘኋት እኔ ነኝ። ቃሬዛው ሲወርድ እዚህ በር ላይ ቆሜ ነበር።» መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ሌላ ማለፊያ የለውም ወይ?»

አሁን ድረስ ያንን ጥያቄ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። ዐይናቸው ወደ እኔ ዞሯል፤ ግን አያየኝም። ነጩ ጢማቸው በንፋሱ ይነቃነቃል።

«የለውም ይላሉ፣ የኔታ።»

«ይላሉ?»

«አዎ፣ ይላሉ።»

«እንግዲያስ መንገዱ ይምጣ» አሉና መረቁኝ። ምርቃታቸውን ይዤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ስብሰባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። አዳራሹ ይሞቃል፣ ሰዉ ሰልችቶታል። አፈ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡን አነበበ፤ ግቢያቸው የሚነካባቸውን ሰዎች «የልማት ተነሺዎች» ብሎ ቁጥራቸውን ጠራ። የኔታ ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንድ ናቸው። ከዚያ፣ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» አለ። ዐይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ምክንያቱም ስለ መንገድ ሲነሣ የማልናገርበት ጊዜ አልነበረም። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አየሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንዲት ሴት የቀሚስ ልክ ተጽፏል፤ እሱን ደጋግሜ አነበብኩ። ብናገር አንድ ዓመት ይዘገያል። አንድ ዓመት ቢዘገይ በጀቱ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። በዚያ ዓመት ውስጥ ደግሞ ስንት ሴት ያንን ዳገት በቃሬዛ ትወርዳለች? ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ እውነትም አስቤዋለሁ። ከሥሩ ግን ሌላም ነገር ነበር። ደክሞኝ ነበር። ሦስት ዓመት የለመንኩት ነገር እጄ ሊገባ ሲል በገዛ አፌ ልመልሰው አልፈለግሁም።

«የለም? እንግዲያስ ድምፅ እንስጥ።»

እጄን አወጣሁ። ሁሉም አወጣ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምን።

ዶዘሩ የመጣው ሰኔ ሳይጋመስ ነው። የየኔታ ተማሪዎች የጎጆዎቻቸውን ሣርና እንጨት ራሳቸው አወረዱ፤ መጻሕፍቱን በነጠላ እየጠቀለሉ ጎረቤት አስቀመጡ። እኔ መሄድ ነበረብኝ፣ የሰፈሩ ተወካይ ነኝና። የኔታ ከግቢው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የማሽኑ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ እግራቸው ላይ ወድቆ፣ «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ የታዘዝኩትን ነው» አለ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። «ሥራህን ሥራ ልጄ» አሉት። ከዚያ ማሽኑ ተነሣ። የድንጋይ ቤቱ ቶሎ ነው የወደቀው። ወይራው ግን እምቢ አለ፤ ሥሩ ሲበጠስ የተሰማው ድምፅ እስከ ገበያው ድረስ መሄዱን በኋላ ሰዎች ነገሩኝ። የኔታ ድምፁን ሲሰሙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ፤ ተማሪ ሲስት እንደሚያደርጉት።

ምትክ ቦታ የተሰጣቸው ከከተማው ጫፍ ሜዳው ላይ ነው። ንፋሱን የሚያቆም ነገር የለም፣ ውኃ የለም፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ ነው። የአብነት ተማሪ የሚያድረው አኩፋዳውን አንግቶ በየቤቱ በር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በሚያገኘው ቁራሽ ነው። ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ከተማ ውስጥ ለምኖ ለትምህርት መመለስ ቀኑን ይጨርሰዋል። ሐምሌ ላይ ሁለቱ ወደ ብልባላ ሄዱ፣ ዘመድ አለን ብለው። ሌሎቹ ኮን ከተማ ያለ መምህር ዘንድ ገቡ። ነሐሴ ሳያልቅ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም የኔታ ራሳቸው አሰናበቷቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ በላስቲክ የተሸፈነች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«የእናንተ ጉባኤ የእኔን ጉባኤ ፈታው» አሉኝና ሳቅ አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ የአብነት ትምህርቱም ጉባኤ ይባላልና፣ በቃላት መጫወት ይወዱ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

መንገዱም ያን ክረምት መንገድ አልሆነም። ማሽኑ አፈሩን ገልብጦ ጠጠር ሳይለብስ ዝናቡ ደረሰ። የተቆፈረው ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ወረደ፤ ታች ያሉት ቤቶች በር ላይ ጭቃ ተከመረ። እሁድ ሰንበቴ ላይ ስለ ቦኖው ልናገር ስነሣ አንዲት እድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ ሴት፣ ቀሚሷን ሁልጊዜ እኔ የምሰፋላት፣ አቋረጠችኝ።

«እህቴ፣ የኔታን አስነቅለሽ ጭቃ አመጣሽልን። አሁን ደግሞ ምን ልትነግሪን ነው?»

ማንም አልተቆጣትም። ስለ ቦኖው ሳልናገር ተቀመጥኩ።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ጠጠሩ ፈሰሰ፣ ውኃ መውረጃው ቦይ በድንጋይ ተሠራ፣ መንገዱ አለቀ። የመጀመሪያው አምቡላንስ ዳገቱን ሲወጣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ምጥ ሁለት ቀን ያንገላታትን የጎረቤታችንን ሚስት ከደጃፏ አንሥቶ ወሰዳት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። አማቷ ሱቄ ድረስ መጥታ ጉንጬን እየሳመች፣ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» ትለኛለች። አለቀስኩ። የእህቴን ነገር ስለምታውቅ ለእሷ ያለቀስኩ መሰላት፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች። ለእህቴም ነበር። ግን አምቡላንሱ ሲወጣ ያየሁት፣ ወይራው የነበረበት ቦታ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ማለፉን ነው። ለምን ይቀንሳል? ሹፌሩ እዚያ ምን እንደነበረ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን የኔታ ሄዱ። ገነተ ማርያም አጠገብ ገበሬ ያገባች ልጅ አለቻቸው፤ በበቅሎ መጥታ ወሰደቻቸው። እኔ ገበያ ላይ ስለነበርኩ ሳልሰናበታቸው ቀረሁ። ወይም ደግሞ ሆን ብዬ ገበያ ላይ ዋልኩ፤ አሁን የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ከፋሲካ በኋላ አላስቻለኝም። ከአቡጀዲ እጀ ጠባብ ሰፋሁላቸው። ላሊበላ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ። ልጃቸው ቤት ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። «እንደምን ዋሉ የኔታ» ስል ድምፄን ወዲያው ለዩት፤ ፊታቸው በራ። ያ ይበልጥ ጎዳኝ። እጀ ጠባቡን ሰጠኋቸው። ስፌቱን በጣታቸው ከአንገቱ እስከ ጫፉ እየዳሰሱ ሄዱ።

«ቀጥ ያለ ነው» አሉ። «እጅሽ አልከዳሽም።»

ልጃቸው እርጎ አምጥታ ወደ ማሳው ስትወርድ፣ ለብቻችን ስንሆን፣ ነገርኳቸው። የቀያሹን ሱሪ፣ ጠመኔውን፣ የጎበጠውን መሥመር፣ የታጠረውን ባዶ ቦታ፣ በጀቱ ይመለሳል መባሉን፣ ሁሉንም። «ሌላ ማለፊያ የለውም ወይ ሲሉኝ ዋሸሁዎት» አልኩ። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርኩት። ለማያዩ ሰው ፊቴን ለምን እንደምደብቅ አላውቅም።

ከማሳው የልጃቸው ድምፅ ይሰማል፣ በሬ ትጠራለች።

«አውቅ ነበር» አሉ።

ቀና አልኩ።

«ቀያሹ ካንቺ በፊት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው። መዳፌ ላይ በጣቱ አስምሮ አሳየኝ፤ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ጎበጥ አድርጎ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለከንቲባው ቢነግሩት፣ ለሕዝቡ ቢነግሩት...»

«እኔ ብናገር ለቤቴ ነው የምናገረው። 'ሽማግሌው ለጎጆው ብሎ የወላዶችን መንገድ አስቀረ' ይባላል። ደግሞም ባላየው ዐይኔ የትኛው መሥመር እንደሚሻል በምን አውቃለሁ? እዚያ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።» መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ስትመጪ ጊዜ 'ልትነግረኝ መጣች' አልኩ። ጠየቅሁሽ።»

«የኔታ...»

«በቃ፤ አሁን ነገርሽኝ። እግዜር ይፍታሽ።» መስቀላቸውን ከእጀ ጠባባቸው ውስጥ አውጥተው ግንባሬን፣ አፌን፣ እንደገና ግንባሬን አስነኩኝ። እንደ ተማሪ ልጅ እያለቀስኩ ተቀመጥኩ። እሳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እናቴ ዘንድ እንደሚቀመጡት። ይቅር ብለውኛል፤ አልጠራጠርም። ግን ከዚያ ቀን በፊት ጥፋቴን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው ደግሞ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ሜዳ ላይ በላስቲክ ሥር ሳሉም፣ ያውቁት ነበር። በሄድኩ ቁጥር እያወቁ መርቀውኛል።

ያረፉት በጥቅምት ነው፣ ሰብሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር። መርዶው ለከተማችን ሲደርስ አፈ ጉባኤው ጠርቶ ምክር ቤቱ የሐዘን መግለጫ እንደጻፈ፣ ቀብሩ ላይ እኔ እንዳነብበው ነገረኝ። «የሰፈርሽ ሰው ናቸው፤ አንቺም ተማሪያቸው ነበርሽ» አለ። የታሸገውን ፖስታ ተቀብዬ በማለዳ ተነሣሁ።

ገነተ ማርያም እንዲህ ያለ ቀብር ብዙ ጊዜ አይታይበትም ይላሉ። የተበተኑት ተማሪዎች ሁሉ መጥተዋል። ከኮንም ከብልባላም፣ እኔ ጭራሽ የማላውቃቸው፣ ጢማቸው የሸበተ ካህናት ሳይቀሩ፣ «እኔም የእሳቸው ነኝ» እያሉ። ዜማው ሲነሣ አንዱ ተሳስቶ ቆመ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከመጀመሪያው ተነሡ።

ተራዬ ሲደርስ ፖስታውን ከፈትኩ። ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ትልቅ መምህር እንደነበሩ፣ ብዙ ሊቃውንት እንዳፈሩ ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። «ለከተማችን ልማት ሲሉ ይዞታቸውን በፈቃዳቸው የለቀቁ» ይላል። «በፈቃዳቸው» የሚለው ቃል ላይ ድምፄ ቆመ። ሰዉ ሐዘን ያነቀኝ መሰለው፤ አንዲት ሴት ከኋላዬ «አይዞሽ እህቴ» አለች። ቃሉን ዘልዬ የቀረውን አነበብኩ። «ይዞታቸውን የለቀቁ» ብዬ አለፍኩ። ማንም አላወቀም።

ከቀብር መልስ ልጃቸው ድንኳኑ ጥግ ላይ አገኘችኝና ወረቀቱን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ልጆቼ ያነቡልኛል። ከዳዊቱ ጋር አስቀምጠዋለሁ» አለች። እስክሪብቶዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ቃሉን ልሰርዘው። ከታች የምክር ቤቱን ክብ ማኅተም አየሁ። እጄ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እስክሪብቶውን መልሼ ከተትኩት።

«አንድ ቃል አለ፣ ልክ ያልሆነ» አልኳት።

«የቱ ነው?»

በጣቴ አሳየኋት። እሷም አውራ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች፤ እንዳይጠፋት የምትይዘው ይመስል ነበር።

«ምን ይላል?»

«'በፈቃዳቸው' ይላል። በፈቃዳቸው አልነበረም። ሌላ መንገድ ነበር፤ እኔ አውቄ ዝም አልኩ። ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ። አንቺም እወቂው ብዬ ነው።»

ልትጮህብኝ ትችል ነበር፤ መብቷ ነው። ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን አየችው። የእርሻ እጅ ነው ያላት፣ ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር አለ።

«ታዲያ ምን ተብሎ መጻፍ ነበረበት?» አለችኝ።

አሰብኩ። ስብሰባ ላይ ብዙ ቃል ተምሬያለሁ፤ የትኛውም አልመጣልኝም።

«'ተነሡ' ነው የሚባለው» አልኩ። «ተነሡ፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«ተነሡ» አለች ለራሷ። ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ከዚያ ለቀስተኛ ልትቀበል ተመለሰች።

የምክር ቤት ዘመኔ በሚቀጥለው ዓመት አለቀ። ሴቶቹ እንደገና ስሜን ሊያስይዙ ሲመጡ እሺ አላልኩም፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ሱቄ ውስጥ ነኝ። ልክ ስወስድ ሰዉ አሁንም ያወራኛል፣ እኔም እሰማለሁ። ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ፣ ኮን ሄዶ የነበረው፣ ባለፈው ወር ልብሱን ሊያሰፋ መጣ። ቅስና ሊቀበል ነው። ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ ስለ የኔታ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ዝናቡ መዘግየት ብቻ አጫወተኝ። ልኩን ጻፍኩ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠርኩት።